አማቴ ሲመጡ እጄ ቱቦ ውስጥ ነበር

ሰው ውሃ ሲጠፋበት ያማርራል። እኔም ብዙ አማርሬያለሁ፤ ጀሪካን ተሸክሜ ዳገት ስወጣ ያልረገምሁት ነገር የለም። ከአንዲት የነሐሴ ቀን ወዲህ ግን፣ ውሃ ሲሄድ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሜ «ተመስገን» የምል ሰው ሆኛለሁ። ጎረቤቶቼ ነገሩን ስለሚያውቁ አይፈርዱብኝም። እናንተም እንዳትፈርዱብኝ ከነምክንያቱ ላጫውታችሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ዳንግላ ነው። ሥራ እንጅባራ አመጣኝ፤ እዚያው አገባሁ፤ እዚያው ጎጆ ቀለስሁ። ቤት የሚሠራ ሰው እጁ ሲያጥረው ሻወሩን «በኋላ» ይላል፤ እኔ ሳሎኑን «በኋላ» ብዬ ሻወሩን አስቀደምሁ። የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ይረዳኛል። እዚያ ደጅ ላይ በባልዲ የሚታጠብ ሰው ወይ ጀግና ነው፣ ወይ ተቀጥቷል። ስለዚህ ነጭ ሴራሚክ አስነጠፍሁ፤ ማሞቂያ አስገጠምሁ፤ ውሃው ወደ ኮሪደሩ እንዳይወጣ ወለሉን ዝቅ አስደርጌ በሩ ላይ አንድ ስንዝር ደፍ አሠራሁ። ግንበኛው «ለፍሳሹ ቀጭን ቱቦ ይበቃል» ሲለኝ «የለም፣ እጅ የሚያስገባ ይሁን» አልሁት። እንዳልሁት አደረገው። እጅ ያስገባል።

ሙቅ ውሃ የሚያወርድ ሻወር እንዳለን የተሰማ ዕለት ዘመድ በዛልን። ቀድሞ መንገድ ላይ «ሰላም ነው?» ብሎ የሚያልፈኝ ሁሉ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ምነው ጠፋችሁ?» እያለ ይመጣ ጀመር። ሙሽራ ከእኛ ቤት ታጥባ ወጥታለች። ተመራቂ ታጥቧል። ባለቤቴ ይታይሽ እንግዳ ትወዳለች፤ ሁሉንም «ግቡ» ነው የምትል። የገባው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ፣ ከላዩ የወረደው ነገር የት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም። ቱቦው ግን ሁሉንም ሆዱ ውስጥ ይዞ ዝም ብሎ ነበር። ሆደ ሰፊነት መጨረሻው መዘጋት ነው።

ይታይሽ የገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ወርቅነህ ጥርባ አካባቢ የሚኖሩ፣ በፈረስ ወዳድነታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። ከሠርጋችን ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታችንን ረግጠው አያውቁም ነበር። እኛ ስንሄድ ከልጃቸው ጋር በአገውኛ ሲጫወቱ፣ ሲስቁ ይውላሉ፤ እኔ ብቅ ስል ጨዋታው ቀጥ ይላል። «ደህና ነህ?» ይሉኛል። «ደህና ነኝ ጋሼ፤ እርስዎስ?» «ደህና።» አለቀ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ደጅ የታሰረውን በሬ እናያለን።

እንደሚጠሉኝ እርግጠኛ ነበርሁ፤ ምክንያቱንም አውቃለሁ ባይ ነበርሁ። አገሩ የፈረስ አገር ነው፤ ልጁ ሳይራመድ ይጋልባል። እኔ ደግሞ ዳንግላ ላይ ጋሪ ተሳፍሬ ያደግሁ ሰው በመሆኔ ፈረስን የማውቀው ከኋላው ነው። በሠርጌ ማግስት ያቀረቡልኝን ፈረስ የወጣሁት በወንበር ነበር። ወንበር ይዞ ፈረስ የሚወጣ አማች ማን ይወድዳል?

እንግዲህ በዚያች ዕለት ጠዋት ስልክ ተደወለ። ጋሽ ወርቅነህ ዓይናቸውን ሊታከሙ በማግስቱ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስላላቸው እኛ ዘንድ ሊያድሩ ነው። ይታይሽ በደስታ ስልኩን ልትጥለው ነበር። ወዲያው ደግሞ ቤቱን ታተራምሰው ጀመር፤ ጠረገች፣ ወለወለች፣ የአልጋ ልብስ ቀየረች። ከዚያ ሻወር ቤቱን ከፍታ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ውሃው አልወርድ ብሏል። አባየ እዚህ ኩሬ ውስጥ ቆሞ ሊታጠብ ነው? ቧንቧ ሠራተኛ ጥራልኝ።»

«እኔ እያለሁ?» አልሁ።

«ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜም እንዲሁ ነበር ያልኸኝ» አለችና ዘንቢሏን አንስታ ወደ ገበያ ሄደች። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ጣሪያው ያፈስሳል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ቁምጣ ለበስሁና ሥራ ጀመርሁ። በረኪና ባፈስስበት ቱቦው ንቅንቅ ሳይል የእኔ እንባ ፈሰሰ። የፈላ ውሃ ጨመርሁበት፤ ቀዝቅዞ የነበረው ሽታ ሞቅ ብሎ ተመለሰ። የልብስ ማስጫ ሽቦ ቆርጬ፣ ጫፉን እንደ መንጠቆ ቆልምሜ ሰደድሁበት። አንድ ነገር ያዘ። ስስብ ይጎትተኛል፤ ስስብ ይጎትተኛል። በመጨረሻ ሽቦው ከእጄ አመለጠና እሱም ወደ ውስጥ ገባ። በጸጉር ተዘግቶ የነበረው ቱቦ አሁን በጸጉርና በሽቦ ተዘጋ። ሊቅነት ይሉሃል ይህ ነው።

ያኔ ነው እልህ የያዘኝ። ቱቦው ሲከፈት ውሃው መውረዱን ወዲያው ለማየት ብዬ ቧንቧውን ከፈትሁ፤ ሳሙና ተቀባሁና ቀኝ እጄን ሰደድሁት። ቱቦው ክንድ ያህል ቀጥ ብሎ ይወርድና የሚታጠፍበት ጉሮሮ ላይ ጠበብ ይላል። ጣቶቼን አሹዬ ያንን ጉሮሮ አለፍሁ። ከወዲያ በኩል፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ አንድ እርጥብ፣ ጸጉራም፣ የተኛ እንስሳ የሚመስል ነገር ነካሁ። ጨበጥሁት! «አገኘሁህ!» አልሁ ብቻዬን። ሳብሁ።

አልወጣም። እንደገና ሳብሁ። እጄ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ቀጥ አለ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ቧንቧውን ልዘጋ በግራ እጄ ስንጠራራ አልደርስ አለኝ፤ ለካ ቅድም የደረስሁት ቀኙ እንደ ልቡ በነበረበት ሰዓት ነው። አሁን ክንዴ በሙሉ ወለል ውስጥ ስለገባ በጎኔ ተኝቼ ጉንጬ ሴራሚኩን ነክቷል። ውሃው ይወርዳል፤ መውጫ የለውም፤ ያ የኮራሁበት ደፍ ደግሞ ሥራውን በታማኝነት እየሠራ ነው። ጆሮዬ ጠለቀ።

«የሰው ያለህ!» ብዬ መጮህ ስጀምር፣ ሰማዩም በሉት ዕድሌ፣ በረዶውን ለቀቀው። የነሐሴ በረዶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ለማታውቁ፣ ጠጠር የጫነ መኪና ጣሪያችሁ ላይ ሲያራግፍ አስቡ። እኔ እጮሃለሁ፤ አፌ ሲከፈት ይሰማኛል፤ ድምፄ ግን ለራሴም አይሰማኝም። በዚህ መሃል ስልኬ መስኮቱ ላይ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። ይታይሽ ናት። ሌላ ቀን ኔትወርክ ፍለጋ አጥር ላይ የምንወጣበት ሰፈር፣ ያን ዕለት ኔትወርኩ ሞልቶ ተርፎ ነበር።

ውሃው የአፌ ጥግ ደረሰ። አንገቴን ቀና አድርጌ ቆየሁ፤ አንገቴ ዛለ። ያኔ ቀልዱ ሁሉ ጠፋብኝ። የሰው ልጅ ጣና ላይ ሰጠመ ይባላል፤ ዘንገና ሐይቅ ገባ ይባላል፤ እኔ ግን በራሴ ሻወር ቤት፣ በቁምጣ፣ የሰፈሩን ጸጉር ጨብጬ! ይታይሽ ለቅሶ ላይ ምን ብላ ልትናገር ነው? «ጌታዬ፣ ከነክፋቴ ተቀበለኝ» ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

በዚያች ቅጽበት ቧንቧው «ኽ… ኽ… ኽርር» አለና ቀጥ አለ። ውሃ ሄደ!

ተመስገን የማለቱ ነገር የተጀመረው እንግዲህ ያኔ ነው። አለቀስሁም መሰለኝ፤ ፊቴ ሁሉ ውሃ ስለነበረ ለይቼ መናገር አልችልም።

በረዶው ጥቂት ቆይቶ ቆመ። ዝም ሲል በግቢው በር በኩል የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ከዚያም፣ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ። ከሰው ሁሉ መርጦ፣ ከሰዓቱ ሁሉ ቀድሞ፣ ጋሽ ወርቅነህ!

ዝም ልበል? ልጩህ? ነፍስ ከኩራት ትበልጣለችና «ጋሼ፣ ይግቡ! ከውስጥ ነኝ!» አልሁ። ገቡ። በሻወር ቤቱ በር ላይ ከነዱላቸው ቆሙ፤ ላያቸው ላይ የደረቡት ላስቲክ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ለሐኪም ሲባል የታጠበ በረዶ የመሰለ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። አማት ሲገባ መነሳት ወግ ነው። መነሳት ሲያቅተኝ የወጉን ግማሽ እንኳ ላድርስ ብዬ፣ እንደተኛሁ፣

«ኖር!» አልኋቸው።

«በእግዜር» አሉ፤ አፋቸው በልማድ ቀደማቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ምን ጠፍቶብህ ነው?» አሉ።

«እጄ ነው ጋሼ። ተያዘ።»

ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ላስቲኩን አወለቁ፤ ትከሻዬን ይዘው ቀስ ብለው ሳቡ። ጮህሁ። ተዉኝ። ከዚያ ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያንን ነጭ ጋቢ ከላያቸው አወረዱና አጥፈው፣ አጥፈው፣ ከጭንቅላቴ ሥር፣ እዚያ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ አስገቡልኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ጋቢው!»

«ጋቢ ይታጠባል። አንገትህን አሳርፍ» አሉኝ። ደጅ ወጥተውም በአገውኛም በአማርኛም ጎረቤት ጠሩ።

ጎረቤት ደግሞ የእኛ ሰፈር ሲጠራ ይመጣል። መጀመሪያ የደረሱት እትየ አለምነሽ ናቸው፤ አጥራችንን ተደግፈው የሚኖሩ፣ የማያውቁት መድኃኒት የሌለ ሴት። አንድ ጊዜ አዩኝና ተመልሰው ቅቤ ይዘው መጡ። ከእሳቸው ኋላ የደረሰው መላኩ፣ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ሳጥን ሙሉ መፍቻ ሳይዝ የትም አይሄድም።

«እትየ፣ በፍልሰታ ቅቤ?» አለ መላኩ።

«እጁን ነው የምቀባው፣ አፉን መቼ አልሁ? ዞር በል!»

ቅቤው ክንዴ ድረስ ተለቀለቀ። ጉሮሮው ጋ ግን አልደረሰም። ጎትተን እናውጣው ብለው ሁለቱ ክንዴን ሲይዙ፣ ቅቤው አዳልጧቸው መላኩ በጀርባው ኮሪደሩ ላይ ተዘረረ፤ እትየ አለምነሽ ደግሞ እኔ ላይ ተቀመጡ። እትየ አለምነሽ ቀላል ሴት አይደሉም። ሞቅ ያለ ውሃ ያላላዋል ተብሎ ሞቅ ያለ ውሃ ፈሰሰ፤ እጄ ጭራሽ አበጠ። መላኩ ወገቡን እያሸ ተነሳና «ይኸ በመሮና በመዶሻ እንጂ በሌላ አይሆንም፤ ወለሉ ይሰበር» አለ።

«ሴራሚኩን እንዳትነካ!» ብዬ ጮህሁ።

«ሰውየ፣ ክንድህ ይሻልሃል ሴራሚኩ?»

እንዳስብበት ጊዜ ስጡኝ ያልሁ ይመስለኛል። መላኩ ራሱን እየነቀነቀ መሮ ሊያመጣ ሄደ፤ እትየ አለምነሽም ምን ትዝ እንዳላቸው እንጃ ወደ ቤታቸው ሮጡ። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው መካሪ ነው፤ «ጸበል ይረጭበት» የሚል አለ፤ «ክብደት ይቀንስ» የሚልም አለ። ጋሽ ወርቅነህ ግን እርጥቡ ወለል ላይ ከአጠገቤ ተቀምጠው፣ ግራ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ሰው እጁ ሲታሰር አፉ ይፈታል መሰለኝ፣ ሁለት ዓመት የያዝሁት ነገር አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የሚጠሉኝ ይመስለኝ ነበር።»

«እኔ? አንተን?» ደነገጡ። «ምነው ልጄ?»

«አያናግሩኝም።»

ጢማቸውን እያሻሹ፣ ቃል እየመረጡ እንዲህ አሉኝ፤ «የእኔ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው። ድንች ይሸጥበታል፤ በግ ይሸጥበታል። አንተ የቢሮ ሰው ነህ። ተሳስቼ ልጄን ከማሳፍራት ብዬ ነው ዝም የምለው።»

ያ ሁሉ የፈረስና የወንበር ነገር የራሴ ፈጠራ ኖሯል! በዚያ ላይ እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ በእሳቸው ቋንቋ «እንዴት አደሩ» ለማለት እንኳ ሞክሬ አላውቅም።

«እኔ እኮ ጋሼ፣ በአገውኛ የገበያም የለኝ። በግ እንኳ መሸጥ አልችልም» አልሁ።

ጋሽ ወርቅነህ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ባልሁት ነገር ሳቁ። «በል እንግዲህ፤ ዛሬ የትም አትሄድብኝ፤ ላስተምርህ» አሉና ሰላምታውን ቃል በቃል አስደገሙኝ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ስመልሰው በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን እንዳልሁ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ ይታይሽን ስጠይቃት «ተወው» ትለኛለች።

ይታይሽን ካነሳሁ፣ በረዶውን ተጠልላ የቆየች ባለቤቴ ስትመለስ ያየችውን አስቡት። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰው ከበር እስከ በረንዳ ቆሟል፤ የአባቷ ፈረስ ብቻውን ጎመኗ መሃል ገብቶ ይግጣል። ምን ትበል? ዘንቢሏን ጥላ፣ «ወየው! ባሌን ነው ወይስ አባቴን?» እያለች ደረቷን እየመታች ገባች።

«አለ! አለ! ሁለቱም አሉ!» ይላታል ሰው ሁሉ።

በሰው መሃል ሰንጥቃ ገባች። አባቷ ወለል ላይ፣ ባሏ የአባቷ ጋቢ ላይ። ከላይ እስከ ታች አየችን። እንባዋን ጠረገችና፣ በሰፈሩ ካለው መካሪ ሁሉ አንድም ሰው ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

«እጅህ ውስጥ ምን ይዘሃል?»

«ምን እይዛለሁ? የዘጋውን ነገር ነዋ!»

«አሁንም ጨብጠኸዋል?»

«ታዲያ! ብለቀው ተመልሶ ይገባል እኮ! ስንት ደክሜ የያዝሁትን!»

መላኩ መሮውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። ይታይሽ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ ለሕፃን በሚነገርበት ድምፅ «ውዴ፣ ልቀቀው» አለችኝ።

ለቀቅሁት። ጣቶቼ ተራ በተራ ተዘረጉ። ሳብሁ። ኧረግ! የጥፍር ያህል መጣ። ግን እብጠቱ አልለቀቀም።

ያኔ እትየ አለምነሽ ሳፋ ሙሉ በረዶ ይዘው ደረሱ፤ ለካ የሮጡት ጓሯቸው ጥላ ሥር የተከመረውን በረዶ ሊዝቁ ነው። «የእኔ ልጅ ቀለበት ጣቷ ላይ የቀረ ጊዜ በቅዝቃዜ ነው ያወጣሁት» አሉና በክንዴ ዙሪያ በእፍኝ እየዘገኑ ወደ ቱቦው ጠቀጠቁት። እጄ መጀመሪያ ነደደ፤ ቀጥሎ ደነዘዘ፤ ቀጥሎ የእኔ መሆኑ ቀረ። ይታይሽ የኑግ ዘይት በላዩ አንቆረቆረች። ጋሽ ወርቅነህ ትከሻዬን ያዙና፣ «አሁን አትሳብ። ተንፍስ። እኔ አለሁ» አሉኝ። ተነፈስሁ። በእርጋታ አዞሩት፤ አዞሩት።

ጧ! ብሎ ወጣ።

እልልታው አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። እጄን እንደ አዲስ የተወለደ ልጅ ሰው ሁሉ ተቀባብሎ አየው። ጣቴ ላይ ያ የጠፋው ሽቦ ተጠምጥሞ ጫፉ አብሮ ወጥቶ ኖሮ፣ መላኩ ያዘውና ጎተተው። ተጎትቶ፣ ተጎትቶ፣ ያ እንስሳ ወጣ። የሰው ጸጉር፣ የዊግ ጉንጉን፣ የማበጠሪያ ስባሪ፣ የሳሙና ልጣጭ፣ አንድ ካልሲ። ሰው እየተጋፋ አየ።

«ይኸ ጉንጉን የማን ነው?» አለ አንዱ። እትየ አለምነሽ ሻሻቸውን አስተካከሉና ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«ይኸ ካልሲ ግን…» አለች ይታይሽ። መላኩ ቀረብ ብሎ አየው። «እኔ እኮ ሌባ ነው የወሰደብኝ ብዬ ነበር!» አለ።

የቀረው ውሃ ዙሮ ዙሮ «ጉልጉልጉል» እያለ ወረደ። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ቧንቧው ግን አሁንም ደረቅ ነው፤ ቱቦው ተከፈተ፣ ውሃ የለም። ያ ሁሉ ሰው ተበትኖ በየጀሪካኑ ካጠራቀመው ላይ እየቀዳ ተመለሰና ወለሉን አጠበልን፤ እትየ አለምነሽ ጋቢውን ነጥቀው ወስደው አጠቡት። በነሐሴ ጋቢ አይደርቅምና ጋሽ ወርቅነህ የእኔን ጃኬት ለበሱ። እጅጌው አጠራቸው፤ አማረባቸው ግን። ጎመኑንም ፈረሱ ጨረሰው፤ ማንም አልተቆጣም።

ማታ ራት ቀረበ፤ ሽሮ ነበር። ቀኝ እጄ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ተኝቷል። በግራ እጄ ልሞክር ስል ጋሽ ወርቅነህ «ተው» አሉኝና እጃቸውን ታጥበው እንደገና ተቀመጡ። እንጀራውን ቆረሱ፤ ሽሮውን ጠቀለሉ፤ አጎረሱኝ። የእሳቸው ጉርሻ የገበሬ ጉርሻ ነው፤ ጉንጭ ሁለቱንም ይሞላል። ዋጥሁ። ደገሙኝ። ይታይሽ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያየች፣ የራሷን መብላት ረስታ ቁጭ ብላለች። እኔ ብዙ ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ስለ ጋቢው፣ ስለዚያ ቀዝቃዛ ወለል፣ «እኔ አለሁ» ስላሉኝ። አሁን ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት፣ ጋሽ ወርቅነህ የራበኝ መሰላቸውና ሌላ አጎረሱኝ።